የጠረጴዛው ሣጥንና የቤታችን ነገር

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ባልና ሚስት መከባበር ብዙ የሚጠቅም ነገር ተጽፎ አንብቤአለሁ። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ገመድ ነው፤ ርዝመቱ 70 ሜትር ያህል፥ በውስጡም ስድስት ቀጫጭን ሽቦዎች ስላሉበት የስልክ ገመድ። አንባቢ «ይህ ከቤተ ሰብ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ቢል አልፈርድበትም። እኔም ገመዱን በዘረጋሁበት ቀን ከቤተ ሰቤ ጋር የሚያገናኘው አንድ ደግ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እርሱም ሌሊት ከባለቤቴና ከሕፃኑ ልጄ አጠገብ ለማደር መቻሌ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በሰሜን ሸዋ፥ ደጋው አልቆ ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል በሚጀምርበት ስፍራ፥ በአንድ የጤና ጣቢያ የራዲዮ ሠራተኛ ነበርሁ። በአካባቢው ስልክ አልነበረም፤ ዛሬ በየሰዉ ኪስ የሚገኘው ሞባይልም ገና ወደዚያ አልደረሰም ነበር። ሐኪሙ፥ አዋላጂቱ፥ በቆላው ያሉት የጤና ረዳቶችና የበሽተኛ ማመላለሻው መኪና ሾፌር እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በመነጋገሪያ ራዲዮ ነበር። ይህ ራዲዮ ዜናና ዘፈን ከምንሰማበት ራዲዮ የተለየ ነው፤ ይሰማልም፥ ይናገራልም። ሆኖም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያደርግም። ቁልፉን የተጫነ ሰው ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ የለቀቀውም ይሰማል እንጂ አይናገርም። በአንድ መሥመር ላይ ያሉት ሁሉ ተራ የሚጠብቁት ስለዚህ ነው፤ አንዱ ቁልፉን ይዞ ከቀረ የሌሎቹ አፍ ሁሉ ተዘጋ ማለት ነው።

የራዲዮው ክፍል ከአንቴናው ምሰሶ ሥር የተሠራች አንዲት ዕቃ ቤት ነበረች። በዚያ መሆኗም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከራዲዮው ወደ አንቴናው የሚወጣው ወፍራም ገመድ በረዘመ ቍጥር ኀይሉ በመንገድ ስለሚቀር፥ ራዲዮውን ወደ ሰው ከማቅረብ ይልቅ ወደ አንቴናው ማቅረብ ይሻላል። እኔም የሌሊት ተረኛ ስለ ሆንሁ በዚያች ክፍል በአንድ ጠባብ አልጋ ላይ አድር ነበር። ባለቤቴ ደግሞ በግቢው ማዶ በተሰጠን ቤት፥ በጥቅምት ወር የወለደችውን ልጃችንን አቅፋ ብቻዋን ታድራለች። የጅብ ጩኸት በበረታበት ሌሊት ፋኖሷን ሳታጠፋ እንደምታነጋ አውቅ ነበር። ጧት ስገባ ነቀፋ አልሰማሁም፤ ነገር ግን ቡናውን ስታቀርብልኝ ዐይኗን ከሲኒው አታነሣም ነበር።

በየካቲት ወር፥ ሥራውን ጨርሶ የሄደ አንድ ድርጅት ለጤና ጣቢያው ከሰጣቸው ዕቃዎች መካከል አንድ የጠረጴዛ መቈጣጠሪያ አገኘሁ። ለማያውቀው አንባቢ ለማስረዳት ያህል፥ ይህ ዕቃ የስልክ መሣሪያ የሚመስል፥ ድምፅ ማጉያ፥ ማይክራፎንና የመናገሪያ ቁልፍ ያለው ሣጥን ነው፤ ራሱ ግን ራዲዮ አይደለም። ራዲዮው በሌላ ስፍራ ይቀመጣል፤ ሣጥኑ በጠረጴዛ ላይ ሆኖ በሽቦ ከሩቅ ያዝዘዋል። ባየሁት ጊዜ ወዲያው ያሰብሁት ቤቴን ነው። ሐኪሙን ባስፈቅዳቸው «ሌሊት የሚጠራን ሰው መልስ የማያጣ ከሆነ፥ የትም ብታድር ግድ የለኝም» አሉኝ።

ራዲዮአችን ሞቶሮላ ጂ.ኤም. 300 የሚባለው ነበር። በስተኋላው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 16 መርፌዎች ያሉበት ሶኬት አለው፤ ከውጭ የሚመጣ ትእዛዝ የሚገባው በዚያ ነው። ለዚህ ሥራ መርፌዎቹ ሁሉ አያስፈልጉም። በ2ኛው የማይክራፎኑ ድምፅ ይገባል፤ 3ኛው ከ7ኛው ጋር፥ ማለት ከመሬቱ ጋር፥ ሲገናኝ ራዲዮው መናገር ይጀምራል፤ በ11ኛው ደግሞ ከአየር የተቀበለው ድምፅ ይወጣል። 15ኛውና 16ኛው በአንዲት አጭር ሽቦ ካልተያያዙ የራዲዮው የራሱ ድምፅ ማጉያ ዝም ይላል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ራዲዮው የተበላሸ መስሎት በከንቱ ይደክማል፤ እኔም አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ደክሜበታለሁ። ለሣጥኑ የሚያስፈልገውን 12 ቮልት ከራዲዮው ባትሪ በፊውዝ በኩል ወሰድሁ። እንግዲህ የድምፅ መግቢያ፥ የድምፅ መውጫ፥ የመናገሪያ ትእዛዝ፥ መሬትና 12 ቮልት፥ በጠቅላላው አምስት ሽቦ ሆነ፤ ስድስተኛዋ ትርፍ ነበረች። በሌላም ሽቦ ከዚያው ባትሪ አንዲት አነስተኛ አምፑል ለቤታችን አበራሁ፤ ባትሪውን ቀን ቀን የፀሐይ ሰሌዳ ይሞላዋል።

ሽቦዎቹን በእርሳስ በየድሁ፥ በናስትሮ ጠቀለልሁ፤ ገመዱንም በቤቱ ክዳን ጠርዝ ሥር ምስማር እየመታሁና እያጠፍሁ አሳለፍሁት። ይህን ምስማር አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በመጀመሪያው ሌሊት ሣጥኑ ከአልጋችን አጠገብ ሆኖ የቆላው ጤና ረዳት ድምፅ ከቤታችን ውስጥ ሲሰማ ባለቤቴ ደነገጠች፥ ቀጥላም ሳቀች። ልጃችንም የሣጥኑን አረንጓዴ መብራት ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ለጥቂት ሳምንታት ቤታችን የደስታ ቤት ሆነ። ነገር ግን ያልጠረጠርሁት ነገር መጣ። ቀድሞ እኔ ወደ ራዲዮው እሄድ ነበር፤ አሁን ራዲዮው ወደ ቤቴ ገባ። እንጀራ ስቈርስ ጆሮዬ ከሣጥኑ ጋር ነው። ባለቤቴ ስለ ልጁ ሳል ስትነግረኝ በመካከሉ ጥሪ የመጣ እንደ ሆነ እጄን አንሥቼ «ቈዪ» እላታለሁ፤ ጥሪው ካለቀ በኋላም ነገሯን የት ላይ እንዳቆመች አላስታውስም ነበር። እርሷም ቀስ በቀስ መንገሯን ተወች። እኔ ይህን ዝምታ ሰላም መስሎኝ ኖርሁ።

ሐምሌ ደረሰ። በወሩ እኩሌታ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኀይለኛ ዝናብ ጥሎ፥ ከቆላው ወደ እኛ የሚወጣው መንገድ በናዳ ተዘጋ። ወሬውን እግረኞች በ11 ሰዓት ገደማ አመጡልን። መኪናው ግን ምጥ የጠናባትን አንዲት እናት ሊያመጣ ናዳው ሳይወርድ አስቀድሞ ወደ ቆላው ወርዶ ነበር። የእኛ ራዲዮ ሞገድ እንደ ዐይን ነው ማለት ይቻላል፤ ተራራ ሲጋርደው ይቀራል። ስለዚህ ሾፌሩ ከጋራው ሥር እስካሉ ድረስ ወሬውን ልናደርስላቸው አልቻልንም። የታሰበው እንዲህ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ መኪናው ከሸለቆው ወጥቶ አንቴናችንን ከሚያይበት መታጠፊያ ሲደርስ ሾፌሩ እንደ ልማዳቸው ይጠሩናል፤ እኔም «መንገዱ ተዘግቷልና ወደ እኛ አይምጡ፤ ከመገንጠያው ወደ አስፋልቱ ታጥፈው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይውሰዷት» እላቸዋለሁ። ሐኪሙ ይህን አስጠንቅቀውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔም ሣጥኑን አጠገቤ አድርጌ ተቀመጥሁ።

በዚያ ምሽት ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። ምክንያቱን ለመጻፍ ዛሬም አፍራለሁ፤ ሆኖም ነገሩ ያለ እርሱ አይገባም። እናቷ ታምመው ሦስት ጊዜ ልከውባት ነበር። እርሷም በለሆሳስ «እናቴን የምንጠይቃት መቼ ነው?» አለችኝ። እኔም ጆሮዬን ከሣጥኑ ሳላነሣ «ቈዪ፥ መኪናው ሊጠራኝ ነው» አልኋት። ያች «ቈዪ» የምትባል ቃል አምስት ወር የተጠራቀመውን ሁሉ አፈረሰችው። «አንተ ያገባኸው ይህን ሣጥን ነው፤ እኔ ለሣጥኑ ገረድ ሆኜ ነው የምኖረው» አለችኝ። እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ ስለ እናቷ፥ ከእኔም ስለ ተበደሩት ገንዘብ፥ ሰው በገዛ ጓዳው ውስጥ እንኳ ሊናገረው የማይገባ ቃል ተናገርሁ፤ የገንዘቡንም ልክ ቈጥሬ ተናገርሁ። አንዱ ቃል ሌላውን እየጠራ ጠቡ ረዘመ። ሁለት ሰዓት ማለፉን አይቼ ነበር፤ ሣጥኑ ዝም ስላለ ግን «ጭቃው አዘግይቷቸው ይሆናል» ብዬ ወደ ጠቡ ተመለስሁ።

ያነቃችኝ አምፑሏ ናት። ብርሃኗ እየደከመና ወደ ቀይ እየዞረ ሄዶ የባለቤቴ ፊት ደበዘዘብኝ። ራዲዮው ሲሰማ ከባትሪው የሚወስደው ከግማሽ አምፔር አይበልጥም፤ ሲናገር ግን እስከ 10 አምፔር ድረስ ይጠጣል። በዚያ ምሽት ደግሞ በእኛ ጣቢያ ማንም አልተናገረም። የሣጥኑን ቀይ መብራት አየሁት፤ ጠፍቷል። ይሁን እንጂ ልቤ ስለ ከዳኝ በባዶ እግሬ በጭቃው ውስጥ ሮጥሁ። የዕቃ ቤቱን በር ስከፍት የራዲዮው የራሱ ቀይ መብራት በጨለማ ውስጥ እንደ ፍም በርቶ አገኘሁት። ጀርባውን ብነካው እጄን አቃጠለኝ። ማንም ቁልፍ ሳይጫን ራዲዮው ይናገር ነበር፤ የሚናገረውም እኔና ባለቤቴ ስንነጋገር ያመሸነውን ነው።

ከሣጥኑ የመጣውን ስፒና ነቀልሁት። ቀዩ መብራት ጠፋ፤ ወዲያውም የቆላው ጤና ረዳት ድምፅ ተሰማ። «ጣቢያ አንድ፥ አሁን ይሰማል? መሥመራችሁ ክፍት ነበር» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ባለመጨመሯም ሁሉን እንደ ሰማች አወቅሁ። የራዲዮውን የራሱን ማይክራፎን አንሥቼ መኪናውን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። መልስ የለም። ሰዓቴን አየሁ፤ 3 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። መኪናው ከመታጠፊያው አልፎ፥ መገንጠያውንም አልፎ ወደ ናዳው እየወጣ መሆን አለበት።

ባለቤቴ ልጁን አዝላ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር። ፊቷን ለማየት አልደፈርሁም። ሐኪሙን ቀሰቀስሁ፤ ነገሩን በሁለት ቃል ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም ጥፋቱን ለማጣራት ጊዜ ሳያጠፉ «ቃሬዛ አምጡ» አሉ። ከእኛ እስከ ናዳው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከዘበኞቹ ሁለቱ፥ ሐኪሙና እኔ ለመውረድ ተነሣን። ራዲዮውን ማን ይጠብቀው? አዋላጂቱ በጤና ጣቢያው የተኙ ሌሎች በሽተኞች አሉባት። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ «እኔ እቀመጣለሁ» አለች። «ቁልፉን ተጭነሽ ትናገሪያለሽ፤ ለቀሽ ትሰሚያለሽ» ብዬ ማስረዳት ብጀምር፥ «አምስት ወር ሙሉ ሳይህ ኖሬ የለም?» ብላ አቋረጠችኝ። ሐኪሙ መኪናው ቢመልስላት ለጤና ረዳቱ የምታስተላልፈውን ነገሯት፤ እናቲቱን በግራ ጎኗ ያስተኟት፥ ያሙቋት፥ ከቦታቸውም አይነቃነቁ አሏት። እርሷም ቃል በቃል ደግማ አሰማቻቸው።

በጨለማና በጭቃ የወረድነውን መንገድ መተረክ አያስፈልግም። ናዳውን ሳንሻገር የሕፃን ልቅሶ ሰማን። ሕፃኑ በመኪናው ውስጥ ተወልዶ ነበር፤ የተቀበለውም አብሮ የመጣው ጤና ረዳት ነው። እናቲቱ ግን ደም ይፈስሳት ነበር። ሐኪሙ በመኪናው መብራት አንድ ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ ደሙ ጋብ አለ፤ በቃሬዛም አድርገን በናዳው ላይ አሻግረን ወደ ጤና ጣቢያው አደረስናት። እግዚአብሔር ይመስገን፥ እናትም ልጅም ዳኑ። ሐኪሙ በመንገድ አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፤ «ሌላ ግማሽ ሰዓት ቢሆን አናገኛትም ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንሥተውብኝ አያውቁም።

ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ፥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ጧት ከናዳው ወዲህ በእግራቸው መጥተው ቡና ሲቀርብላቸው እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፥ ከመታጠፊያው ስደርስ ደጋግሜ ጠራሁህ። የምሰማው ግን የቤታችሁን ነገር ሆነ። በመኪናው ውስጥ የሴትዮዋ ባልና ወንድሟ ነበሩ፤ የሰው ጓዳ እንግዳ ሊሰማው አይገባም ብዬ ድምፁን ዘጋሁት።» እንግዲህ ስፒናውን ነቅዬ ስጠራቸው ያልመለሱልኝ ገመናዬን ለመሸፈን ሲሉ ነበር። ከናዳው ደርሰው ማለፍ ሲያቅታቸው ራዲዮውን መልሰው ከፈቱ፤ ያን ጊዜም የባለቤቴን ድምፅ ሰሙ። እስኪመልሱላት ድረስ በየሁለትና በየሦስት ደቂቃው ስትጠራቸው ነበር። መኪናውን አዙረው ወደ አስፋልቱ ለመመለስ ጀምረው እንደ ነበር፥ እርሷም ሐኪሙ እየወረዱ መሆናቸውን ነግራ እንዳስቆመቻቸው አጫወቱኝ። በዚያ ጠባብና በረጠበ መንገድ በሌሊት ማዞር ምን ማለት እንደ ሆነ ያን አገር የሚያውቅ ይረዳዋል።

ከዚያ በኋላ ቴስተሬን ይዤ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመርሁ። ከአንዱ ምስማር ሥር ልባሱ ተቀድዶ ነበር። ምስማሩ የመናገሪያውን ሽቦ ነክቷል፤ ከመሬቱ ሽቦ ጋር ግን የፀጉር ያህል ርቀት ነበረው። በበጋው ወራት ምንም አልሆነም፤ እንጨቱ በክረምቱ ዝናብ ሲያብጥ ግን ገመዱን ወደ ምስማሩ ገፋው። ሁለቱ ሽቦዎች ተነካኩ፤ ለራዲዮው ግን ይህ «ቁልፉ ተጭኗል» ከማለት የሚለይ ነገር አይደለም።

ምስማሩን ከስሼ ልተወው እችል ነበር፤ ነገር ግን ከጥፋቶቼ ሁሉ ትንሹ እርሱ ነው። የሣጥኑን ቀይ መብራት ያገናኘሁት ከራሱ ከሣጥኑ ቁልፍ ጋር ነበር፤ ስለዚህ የሚያሳየኝ የእኔን ጣት እንጂ የራዲዮውን ሥራ አልነበረም። ማይክራፎኑም ቁልፉ ቢጫንም ባይጫንም ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ከሁሉ የከፋውን ደግሞ ለማንም ሳልነግር ብዙ ጊዜ ኖሬአለሁ። ራዲዮው ሳያቋርጥ የሚናገርበትን ጊዜ የሚወስን ሰዓት በውስጡ አለው፤ የተወሰነለት ጊዜ ሲያልፍ ራሱ ንግግሩን ያቆማል። ሐኪሙ ረዘም ያለ ምክር ሲሰጡ በመካከል ስለ ተቋረጠባቸው፥ ባለ ሙያው መጥቶ ራዲዮውን በኮምፒውተር ሲያስተካክል ያን ገደብ እንዲያጠፋው የለመንሁት እኔው ነበርሁ። ገደቡ በስፍራው ቢሆን ኖሮ ጠባችን ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቤት ባልወጣ ነበር።

ደግሜ ስሠራው ይህን ጠየቅሁ፤ ሽቦው ቢቈረጥ፥ ወይም ቢነካካ፥ ራዲዮው ምን ይሆናል? በመጀመሪያው አሠራሬ ሲነካካ ይናገራል። በሁለተኛው ግን በራዲዮው አጠገብ አንድ የ12 ቮልት ሪሌይ አኖርሁ፤ 3ኛውን መርፌ ከ7ኛው ጋር የሚያገናኘው ሪሌዩ ብቻ ነው። ሪሌዩን የሚያንቀሳቅሰው ኀይል ደግሞ ከራዲዮው ባትሪ ሳይሆን በሣጥኑ አጠገብ ካኖርሁት ሌላ ትንሽ ባትሪ እንዲመጣ አደረግሁ። ቁልፉ ሲጫን ኤሌክትሪኩ በአንድ ጥንድ ሽቦ ሄዶ ሪሌዩን ይስባል። ጥንዱ ቢቈረጥ ኀይሉ አይደርስም፤ እርስ በርሱ ቢነካካ ፊውዙ ይቃጠላል እንጂ ሪሌዩ አይስብም። በሁለቱም መንገድ ራዲዮው መስማቱን ይቀጥላል። ሪሌዩ ሲለቅ የሚወረውረውን የኤሌክትሪክ ምት የሚውጥ አንድ ዳዮድ በሪሌዩ ጠምዛዛ ሽቦ ላይ አቅጣጫው ተገልብጦ መበየድ አለበት። የቀሩትን ሁለት ጥንዶች አንዱን ለሚሄደው፥ ሌላውን ለሚመጣው ድምፅ ሰጠኋቸው፤ በየጫፋቸውም 600 ኦም የሆኑ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አገባሁ። የሁለቱ ቤቶች መሬት በሽቦ መገናኘቱ ስለ ቀረ፥ ጄኔሬተሩ በሚሠራበት ጊዜ ከድምፃችን ጋር ይመጣ የነበረው እንደ ንብ ያለ ጉምጉምታ አብሮ ጠፋ። ማይክራፎኑ ቁልፉ ካልተጫነ እንዳይሰማ አደረግሁ። ለቀዩ መብራት ከራዲዮው ዘንድ ሌላ ጥንድ ሽቦ ዘርግቼ፥ ራዲዮው በእውነት ሲናገር ብቻ የሚበራ ሆነ። የሰዓቱንም ገደብ 60 ሰኮንድ አስደረግሁት። ሐኪሙም ምክራቸውን ማሳጠር ለመዱ።

ከዓመታት በኋላ በሌላ ስፍራ፥ ራዲዮው በተራራ ጫፍ፥ ሣጥኑም ከተራራው በታች ሆኖ በአንድ ጥንድ የስልክ ሽቦ ብቻ የሚሠራ መቈጣጠሪያ ሳስተካክል፥ እኔ በመከራ የተማርሁትን ሌሎች ቀድመው አስበውት እንደ ነበር አየሁ። በዚያ ዐይነት ሣጥን ትእዛዙ የሚሄደው በፉጨት ነው። ቁልፉ ሲጫን ሣጥኑ በሰኮንድ 2175 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ኀይለኛ ፉጨት ከሰኮንድ አንድ ስምንተኛ ላነሰ ጊዜ ይልካል፤ ይህ «ንቃ» ማለት ነው። ቀጥሎ 1950 የሆነ ሌላ ፉጨት ለሰኮንድ አንድ ሃያ አምስተኛ ያህል ይከተላል፤ ይህም «ተናገር» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው እስኪጨርስ ድረስ የመጀመሪያው ፉጨት እጅግ ቀጥኖ ከንግግሩ ሥር ይቈያል፤ በራዲዮው በኩል ያለው መሣሪያ ስለሚያጠፋው ሰሚው አይሰማውም። ያ ቀጭን ፉጨት በተቋረጠ ጊዜ፥ ሰው ቁልፉን ቢለቅም፥ አይጥ ሽቦውን ብትቈርጠውም፥ ራዲዮው ወደ መስማት ይመለሳል። ይህን የፈጠሩት ሰዎች አንድ ቀን ከሚስቶቻቸው ጋር ሳይጣሉ አልቀሩም እያልሁ ለባልንጀሮቼ እቀልዳለሁ።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ጠባችንን በመሥመሩ ላይ ያሉት ጣቢያዎች ሁሉ ሰምተውታል። ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ያህል ወደ ምንጭም፥ ወደ ገበያም አልወጣችም፤ ውኃውን የምቀዳው እኔ ሆንሁ፤ ይህም ለመንደሩ ሌላ ወሬ ሆነ። ከዚያ ሐኪሙ አምስት ቀን ፈቃድ ሰጡኝ፤ ሳልጠየቅም «እናትሽ ዘንድ እንሂድ» አልኋት። አማቴ የሚኖሩት በቆላው ነው፤ ቃሌም ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከእግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ስለምን አስነሡኝና «ልጄ፥ ገንዘቡን ቈጥረህ ለአገሩ ሁሉ ነግረህልኛል፤ እኔ እንኳ ልኩን ረስቼው ነበር። በል አሁን ተቀመጥና ብላ» አሉኝ። ቀና ብዬ ባለቤቴን ባያት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትስቃለች። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት የመጀመሪያው ፊቷ ነው።

ሕፃኑ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ተጠርተን ሄድን። እናቲቱ ባለቤቴን ከዚያ በፊት በአካል አይታት አታውቅም ነበር፤ ጤና ጣቢያ በተኛችባቸው ቀናት ባለቤቴ አፍራ ሳትጠይቃት ቀርታለች። ከደጅ ስንገባ ሰላምታ ሲሰጣጡ፥ እናቲቱ እጇን ሳትለቅ «በጨለማው ያናገርሽን አንቺ ነሽ፤ ድምፅሽን አወቅሁት» አለቻት። ከእኛ ጠብ ምን ያህሉን ሰምታ እንደ ሆነ አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ከዚያ ወዲህ በራዲዮው ሁለት ተረኞች ሆንን። እራት ሲቀርብ እኔ ጀርባዬን ለሣጥኑ ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ ጥሪ የመጣ እንደ ሆነ ፊቷን ወደ ሣጥኑ አዙራ የተቀመጠችው እርሷ ትመልሳለች፤ ለእኔ የሚሆን ነገር ሲሆን ትጠራኛለች። የቆላው ጤና ረዳቶችም ከእኔ ይልቅ ከእርሷ ጋር መነጋገር ወደዱ፤ አሳጥራ ትናገራለች፥ ጨርሳም ትሰማለች።

አሁን በዚያ አገር ሁሉም በሞባይል ይነጋገራል። ጤና ጣቢያው ራዲዮውን ሲያነሣ ሣጥኑን ለመታሰቢያ ሰጡን፤ በቤታችን መደርደሪያ ላይ፥ ምንም ሽቦ ሳይያያዝበት ተቀምጧል። ባለቤቴ ከበድ ያለ ነገር ልትነግረኝ ስትነሣ፥ ዛሬም ቢሆን በመጀመሪያ ቀና ብላ ቀዩን መብራት ታያለች። እኔም አብሬአት አያለሁ።